በኔ ካርድ የታየው ጉበት

መጀመሪያ ያየሁት ተራዬን ስጠብቅ በበር ስንጥቅ ነው። የሰፈራችን ሴትዮ፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች፣ ሆዷ ተገልጧል። አንድ ወጣት ወንድ እጁ ላይ ላስቲክ አጥልቆ ከጠርሙስ የሚዝለገለግ ነገር ሆዷ ላይ ጨመቀባት። ጥጃ ሲወለድ ላዩ ላይ የሚሆነው ልጋግ ነው የሚመስለው። ከዚያ በሆነ ዕቃ ወዲያ ወዲህ ያሸው ጀመር፣ ሆዷ እየተንቦጫቦጨ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ሲጨርስ ቁራጭ ሶፍት ሰጣትና «ይጥረጉት» አላት። ጠረገችው። ሶፍቱ እየተበጣጠሰ ሆዷ ላይ ተለጣጠፈ። እሷም እንደዚያው ቀሚሷን አወረደችበት።

ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጣሁ፣ ቤቴ እስክደርስ አልለቀቅኩትም።

ይሄ የሆነው እዚሁ ቡታጅራ ነው፣ ስኳር በቀበሌ ይታደል በነበረበት ጊዜ። ያኔ ሁሉ ነገር በአንድ ለአምስት ነበር፤ ሰው አምስት አምስት ሆኖ ይቧደናል፣ ቀበሌ የፈለገውን በዚያ ይልካል። ጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ሽንት ቤት ቆፍራችኋል ወይ እያለች በየቤቱ የምትዞረው ልጅ፣ አንድ ቀን መጥታ «ጥናት መጥቷል» አለች። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ጉበታቸው ላይ ስብ አለ ወይ፣ ስፖርት ቢሠሩስ ይቀልጣል ወይ፣ እሱን ነው አሉ የሚያጠኑት። ከየግቢው አንድ እናት ትምጣ አለች። ለሚመጡት ስኳርና ሳሙና አለ። ስኳር ስትል ማን ይቀራል? ላንድ ኪሎ ስኳር ግማሽ ቀን የምንሰለፍ ሰዎች ነን እኮ። ከኛ ግቢ ትልቋ እኔ ነኝና እኔ ተጻፍኩ፣ ስሜ ያለበት ካርድም ተሰጠኝ።

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ነን፣ እኔና ጣውንቴ። ባለቤታችን ሉካንዳ ነበረው። እኔ አራት ከወለድኩ በኋላ ነው እሷን ከስልጤ ያመጣት። ሃያ ዓመት ተናከስን። እሱ ሲሞት ሁለታችንም የትም አልሄድንም፤ አንድ በር፣ ሁለት ቤት፣ አንድ የእንሰት ጓሮ። ፀባችን አብሮት ተቀበረ ብዬ አልዋሽሽም ልጄ፣ አነሰ እንጂ። እሷ ከኔ በአስር ዓመት ታንሳለች። እግሯ የዶሮ ነው፣ ሆዷ ግን ከፊቷ ቀድሞ ይሄዳል። ስትበላም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ማየት አልወድም ነበር። ቅቤውን በጣቷ ዝቃ አገጯ እስኪያብለጨልጭ።

እሷ ደጇ ላይ ተቀምጣ ነበር ስገባ።

«ሂጂልኝ» አልኳት።

«የት?»

«እዚያ፣ ሆድ የሚገልጡበት። እኔ አልችልም፣ ያስመልሰኛል።»

«ሆድሽን ለማን ልታስቀምጪው ነው እትዬ? ሰውዬው እንደሆን ሞቷል።»

«ሂጂ ነው የምልሽ። ስኳሩን እንካፈላለን።»

«ስኳር ካለማ ጀርባዬንም ይየው» አለችና ካርዱን ተቀብላኝ ሄደች።

ይሄን የምትጽፊልኝን የሚያነብ ሰው ምን ዓይነት ሞኞች ናቸው ይል ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ጥሪ የሚመጣው ለሰው አይደለም፣ ለግቢ ነው። መንገድ ይሠራ ሲባል ካንድ ቤት አንድ ሰው ይወጣል። ስብሰባ ሲባልም አንድ ሰው። እንሰት ልትፍቂ ተራሽ ደርሶ ወገብሽን ካመመሽ እህትሽን ትልኪያለሽ፣ የፋቀው እጅ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስም ሲጠራ ያለው ሰው «አቤት» ይላል፣ አለቀ። እኔም ሆድ ማሳየቱ መገኘት ነው የመሰለኝ። ቀርቤያለሁ ማለት። የሚታየው ደግሞ የኔ ጉበት ብቻ መሆን አለበት የሚል ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም።

ከሰዓት ተመለሰች። ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ቀስ ብላ ነው የገባችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ጉበትሽ ላይ ስብ አለ ብሏል።»

«የማን ጉበት?»

«ያንቺ ነዋ። ካርዱን እያየ ነው የተናገረው። በጣም ብዙ ነው፣ ቅቤ ይቀንሱ፣ ስኳር ይቀንሱ፣ አለዚያ ጉበቱ ይደርቃል አለ። አይዞሽ እትዬ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሆዷን ገልጣ የተኛችው እሷ ናት። የታየው የሷ ነው። እኔም ይሄን ግማሹን አውቄዋለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ማሰብ አልፈለግኩም። እሷ ግን ሙሉ በሙሉ ነው ያመነችው። መልእክት ተላከች፣ መልእክት አመጣች።

ከዚያ እጣ ወጣ። ከሴቶቹ ግማሾቹ ስፖርት ይሥሩ፣ ግማሾቹ እንዳሉ ይቀመጡና ኋላ እናወዳድራለን ተባለ። ለኔ ስፖርቱ ደረሰኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስድስት ወር።

የሚሠራው የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ነው። ልጆቹ ሲቅሙበት ያደሩት የጫት ገረባ ጥግ ጥጉን ተከምሮ ይሸታል፣ ከጀርባ ሽንት ይሸታል። ወለሉ ላይ የላስቲክ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ስትተኚበት የሌላው ሰው ላብ ጉንጭሽ ላይ ይጣበቃል። ያው ሆድ የሚያሸው ልጅ ነው የሚያሠራንም። አዲስ አበባ የተማረ፣ ሰውነቱ ንጹሕ፣ ጥርሱ ንጹሕ። ከፊታችን ቆሞ ያጨበጭባል።

«እናቶች፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ጎበዝ። ተቀመጡ፣ ተነሱ። ጎበዝ።»

እኔ በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፣ ለመነሳት ይጨበጨብልኝ? ሃይላንድ ውስጥ አሸዋ ሞልተው ሁለት ሁለት አስያዙን፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ወደ ላይ ባነሳን ቁጥር የአሮጊት ብብት ሽታ አዳራሹን ይሞላዋል። አንዷ ስትነሳ ፈስ ያመልጣታል፣ ሌላዋ በሳቅ ሽንቷ ያመልጣታል፣ እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ «ጎበዝ» ይላል። ስንጨርስ ደግሞ ምን ቢሰጠን ጥሩ ነው? ለስላሳና ክሬም ያለው ብስኩት። ስብ ላይ ስኳር ጎጂ ነው ብሎ አሁን አስተምሮን። አንዴ «ልጄ፣ ይሄ ስኳር አይደለም ወይ?» ብለው «እማማ፣ በጀቱ የመጣው በለስላሳ ነው» አለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሴቶቹ መተካካት ጀመሩ። አንዷ ለቅሶ ሲኖርባት፣ አርፈሽ ተቀመጪ ከተባሉት አንዷን ትልካለች። ከተቀመጡትም ደክሞናል የሚሉ አልነበሩም፣ ለስላሳውን ፈልገው በደስታ ይመጣሉ። ስም ሲጠራ «አቤት»። ሁላችንም ሻሽ ያሰርን፣ ሁላችንም ጥርሳችን የወለቀ። ልጁ መቼ ለይቶን ያውቃል።

ቤት ስገባ ጣውንቴ ምግብ አቅርባ ትጠብቀኛለች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አቅርባልኝ አታውቅም። ጎመኑን ወደኔ ትገፋና ክትፎ ካለ፣ ቅቤ ያረፈበት ቆጮ ካለ፣ ያንን ለይታ ወደራሷ ትስባለች።

«ይሄ ላንቺ ክልክል ነው፣ እኔ ልብላልሽ።»

ስኳሩንም እንደዚያው። የኔን ድርሻ በሻይዋ ላይ ጨመረችው። ካፏ ጥግ ቅቤው ሲወርድ እያየሁ እኔ ጎመኔን አላምጣለሁ። እየከሳሁ፣ ጉልበቴ እየተፍታታ፣ አተነፋፈሴም እየቀለለኝ ነው፤ ይሄን አልክድም። እሷ ደግሞ እየሰፋች።

አራተኛው ወር ላይ ልጁ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጭ ሸራ ሰቅሎ በመብራት ሥዕል አሳየን። ሁለት ጉበት። አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ነጣ ያለ።

«ይሄ ጤነኛ ነው» አለ። «ይሄኛው ደግሞ ከመካከላችሁ የአንዷ ነው። የነጣው በሙሉ ስብ ነው። ስሟን አልናገርም» አለና ወደኔ ዓይኑን ጣል አደረገ፣ ፈገግ ብሎ።

እኔ የሉካንዳ ቤት ሴት ነኝ። ጉበት ሥዕሉን አይደለም፣ ሙቁን በእጄ ይዤ ኖሬያለሁ። በጣም የደለበ በሬ ሲታረድ ጉበቱ አንዳንዴ እንደዚያ ይወጣል። ቀይ አይደለም፣ የቆየ ቅቤ ነው የሚመስለው። ቢላዋ ላይ ይቀባል፣ በጣት ስትጫኚው ይሰረጉዳል እንጂ አይመለስም። ደንበኛ አይነካውም። ባለቤቴ «ይሄን አንሺልኝ» ይለኛል፣ እኔም ትንፋሼን ውጬ ለውሻ እወረውረዋለሁ።

ያ የተወረወረው ነገር ጣውንቴ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ የራሴን ድርሻ ቅቤ በላዩ ላይ እያስጨመርኩበት።

አሁን የምነግርሽን ሳታስተካክዪ ጻፊው። የዚያን ቀን ደስ አለኝ። ለትንሽ ነው፣ ከአዳራሹ እስከ አስፋልቱ ድረስ። ሰውዬውን ተካፈልሽኝ፣ ቅቤዬንም ወሰድሽ፣ ያውልሽ አልኩ በሆዴ። አስፋልቱን ስሻገር ባጃጅ ጥሩምባ ነፋብኝና ደነገጥኩ፣ ከዚያ ያሰብኩት ነገር አፌ ውስጥ መረረኝ። ምራቄን ተፋሁት፣ አልወጣም። ቤት ስደርስ እሷ ጎመኔን አቅርባ ቁጭ ብላለች። እነግራታለሁ አልኩ፣ አልነገርኳትም። ነገ አልኩ። ስኳሩ ይቀራል ብዬ ፈራሁ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ በኔ ሰበብ ትቀጣለች ብዬ ፈራሁ፣ ሰው «ጣውንቷን ልትገድል ነው» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። የፈራሁት ሁሉ ለራሴ ነው። ሁለት ወር እንደዚያ አለፈ፣ እያንዳንዱን ጉርሻዋን እያየሁ።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሁለተኛ ሆድ የሚታይበት ቀን መጣ። በዚህ ጊዜ ራሴ ሄድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁ። ያ ነገር እንደ በረዶ ቀዝቅዞ እምብርቴ ድረስ ፈሰሰ። ልጁ ዕቃውን አንዴ አሸ፣ ደግሞ አሸ፣ ካርዴን አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

«እማማ፣ ጠፍቷል እኮ። ምንም የለም። በስድስት ወር።» ማጨብጨብ ጀመረ። «ትልቅ ስብሰባ ላይ ነው የማቀርብዎት።»

ሆዴን ሸፍኜ ተነሳሁ። «ልጄ፣ የመጀመሪያው የኔ አይደለም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሆዱ። የጣውንቴ ነው። እኔ ተጸይፌ እሷን ላክኋት። አዳራሹ ውስጥም ግማሾቹ ያንተ ሰዎች አይደሉም፣ በሰው ስም «አቤት» የሚሉ ናቸው።»

ተነስቶ በሩን ዘጋው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የሄደበትን አላየሁም።

«ይሄን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው አይንገሩ። ወረቀቱ ሊጠናቀቅ ነው፣ የብዙ ሰው ልፋት አለበት።»

«አልናገርም። ብቻ እሷን አንዴ እይልኝ። ቤታችን እዚህ ነው፣ አሁን ሄጄ ላምጣት።»

«ዝርዝሩ ውስጥ የሉም እማማ። ላልተመዘገበ ሰው አይፈቀድልኝም።»

«ከስድስት ወር በፊት አይተሃታል እኮ። ጉበቱ ይደርቃል ያልከው አንተ ነህ።»

ካርዴን አንስቶ ስሜ የተጻፈበት ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እኔ ያየሁት እርስዎን ነው» አለኝ።

ድምፁ ክፉ አልነበረም። ያስከፋኝም ይሄው ነው። እንደ ሁልጊዜው ለስለስ ብሎ፣ ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ። ከልጋጉ ይልቅ ያን ጊዜ ነው ሊያስመልሰኝ የደረሰው። የመጨረሻውን ስኳር በፌስታል ሰጠኝ፣ እኔም ተቀበልኩት። አዎ፣ ተቀበልኩት። ቤት ሳደርሰው ጣውንቴ ከእጄ ወስዳ «አልሃምዱሊላህ፣ ለአረፋ ደረሰልን» አለች።

በሳምንቱ የሴቶች አረፋ ነበር። ከዒዱ በፊት ያለው ቀን የኛ ነው፤ ወንዶቹ በሬያቸውን ያስባሉ፣ እኛ ቅቤያችንን እናወጣለን። ዓመቱን ሙሉ በየተራ ቅቤ የምናዋጣበት እቁብ አለን፣ ለዚያ ቀን ነው የሚጠራቀመው። ጣውንቴ አተካና ሠራች፤ ቡላና አይብ ነው፣ በቅቤ የሚዋኝ። የጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ። ሳሕኑ መሃል ላይ ተቀመጠ፣ ቅቤው ጠርዝ ጠርዙን ረግቶ ቢጫ ሆኗል። እኔ የሚታየኝ ያ ቢላዋ ላይ የሚቀባው ነው።

ጣውንቴ የኔን ድርሻ በማንኪያ ለይታ ወደራሷ ሳበችው። «እትዬ ተከልክላለች» አለቻቸው፣ በኩራት። «ስድስት ወር እኔ ነኝ የምበላላት።»

«ተይው» አልኳት።

«እንዴ፣ ለበዓል ብለሽ ጉበትሽን ልትጨርሺ ነው?»

«ጉበቱ ያንቺ ነው። ያን ቀን ያየው ያንቺን ነው። የኔን ባለፈው ሳምንት አየው፣ ምንም የለበትም።»

ማንኪያው አፏ ደጅ ላይ ቆመ። ከጥግ አንዷ ናት፣ «ይሄን መቼ አወቅሽ?» ብላ የጠየቀችኝ።

«ሁለት ወር አለፈኝ።»

«ጣውንት» አለች ሌላዋ፣ ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማ።

ጣውንቴ ስለ ጉበቷ አልጠየቀችም። ማንኪያውን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። አገጯ ላይ ቅቤው አለ።

«ያንቺን ድርሻ ስበላልሽ ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ላንቺ ብዬ፤ አንዳንዴ ጠግቤ ሁሉ።»

«አውቃለሁ።»

እጇን በኮባ ቅጠል ጠረገች፣ አገጯን ጠረገች፣ ተነስታ ወጣች። ዒዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ሥጋ በሰው ላከችልኝ፣ ጮማውን ለይታ አውጥታ ቀዩን ብቻ። እንደዚያ ተቆጥታም ስብ ክልክል ነው የሚለውን መልእክት አልረሳችውም። አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

ከበዓሉ በኋላ በሯ ላይ ቆምኩ። «ተነሺ፣ ወልቂጤ ልጄ ጋ እንሄዳለን። እዚያ ክሊኒክ አለ።» ልጄ ያልኩት እናትሽን ነው።

«በማን ስም?» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«በራስሽ።»

ተራራውን አቋርጠን በአውቶቡስ ሄድን፤ እሷ ወደ መስኮቱ፣ እኔ ወደ መተላለፊያው። ክሊኒኩ ስሟን ሲጠራ ዝም አለች። እኔ ጎኗን ነካኋት፤ ራሷ የተጠራች አልመሰላትም። «አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ በሩ ላይ። «ያንቺን ሆድ እኔ ገብቼልሻለሁ።»

ገባሁ። ሆዷን ገለጠች፣ እኔ ሰላሳ ዓመት ስጸየፈው የኖርኩትን ሆድ። ልጋጉ ፈሰሰ፣ ዕቃው ታሸ። ሐኪሙ ትልቅ ሰው ነው፣ አላጨበጨበም። ስቡ ብዙ ነው፣ ጉበቱ ግን ገና አልደረቀም፣ ጊዜ አለ አለን። ቅቤና ስኳር ይቀነስ፣ በየቀኑ ይራመዱ፣ ይቀመጡ፣ ይነሱ። ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ እሷ እንደተገለጠች ተኝታ ቀረች። ሶፍቱ አልቋል፣ ካርቶኑ ብቻ ነው የቀረው።

ሻሼን ፈታሁት። ትንፋሼን ውጬ ጠረግኩላት። ቀዝቃዛ ነው፣ ያዳልጣል፣ በጣቴ መሃል ይገባል። ከጎኗ ድረስ፣ ከእምብርቷ ውስጥ ሳይቀር። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም፣ ፊቴን ነው የምታየው።

«አስመለሰሽ?» አለችኝ።

«ሊያስመልሰኝ ነው።»

«ይበልሽ» አለችና ቀሚሷን አወረደች።

ሻሹን ሦስት ጊዜ አጥቤ አሁንም አላሰርኩትም፤ ያውና ሳጥኑ ውስጥ ነው። ቡታጅራ በተመለስን በነጋታው ጠዋት ደጇ ላይ ወንበር አወጣሁ። ወጥታ ወንበሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ተቀመጠች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ መነሳት ጀመረች።

«እሠራለሁ» አለችኝ። «ብቻ እንዳታጨበጭቢ።»